«እኔስ?» ያለኝ ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ኅዳር አዘዞ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቴሌስኮፓችሁን ተክላችሁ ሕፃናቱን በሰልፍ ጨረቃ ስታሳዩ፣ እኔም ከዘራዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሲያበቃ ከመካከላችሁ አንዷ መጥታ «ጋሼ፣ ትንንሾቹ ቱቦውን እየገፉ ጨረቃዋን ያሳጡናል። ከዘጠነኛ ክፍል በታች ያሉትን ብንከለክል ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። «ላስብበት» ብዬ ሄድኩ። ሳስብበት ከረምኩ።

በመጀመሪያ ጥፋቱ ሁሉ የሕፃናቱ አይደለም። ሰማዩ በየሁለት ደቂቃው በጨረቃ ስፋት ልክ ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል። ማንም ሳይነካው ቢቆይም ጨረቃዋ ከመስታወቱ መውጣቷ አይቀርም። የምትዞረው ምድር ናት፤ እሷን ከሰልፍ ማስወጣት አይቻልም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው።

በ1978 ዓ.ም. የመንገድ ቀያሽ ነበርኩ። ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መስመር፣ ከቆላ ድባ አለፍ ብለን፣ ደምቢያ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን ነበር። የሃሊ ጅራታም ኮከብ የመጣበት ዓመት ነው። መጋቢት አንድ ቀን ሁዳዴም አብሮ ስለገባ ጊዜውን አልረሳውም። ጣና አፍንጫችን ሥር ተኝቶ እኛ የሽምብራ አሳ እንበላለን። ወጥ ሠሪያችን የሽምብራውን ሊጥ እንደ እውነተኛ ዓሣ ዐይንና ክንፍ አውጥታ ነበር የምትጠብሰው። ከዚያ ወዲህ የትም ቤት እንደዚያ ያለ አልበላሁም።

በዚያው ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ቴዎዶላይቱን፣ ያንን የቀያሽ ማዕዘን መለኪያ መነጽር፣ ከሣጥኑ አወጣሁ። ጨረቃ አልነበረችም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ኮከቡ ጅራቱን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። መሣሪያውን በእግሮቹ አቁሜ፣ አስተካክዬ፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ ማየት ጀመርኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ እንጃ። ቀና ስል የዘበኛችን ልጅ አጠገቤ ቆሟል፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጋቢውን ተከናንቦ እጁን ከውስጥ አላወጣም።

ይህ ልጅ በቀን ሠራተኛነት ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ የሚይዝልን ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዘንጉን ቀጥ ያደርጋል፤ እኔ በርቀት ሆኜ በመስታወቱ አነበዋለሁ። በቴዎዶላይቱ ውስጥ ምስል ተገልብጦ ስለሚታይ ለወራት ልጁን በጭንቅላቱ ቆሞ ነው ያየሁት። ቀኑን ሙሉ በዚያ መስታወት የምመለከተው እሱን ነው። እሱ ግን አንድም ቀን በመስታወቱ ተመልክቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እኔስ?» አለኝ።

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ አይነካም» አልኩት።

ሌላ ቃል አልተናገረም። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ያህል ሄደና እዚያው ቆመ። እኔም መልሼ አጎነበስኩ። ይህን ስጽፍ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ማጎንበሴ ነው። በማግስቱ ዘንጉን ይዞ እንደ ወትሮው ቆመ፤ ሌሊት ግን ወደ ድንኳኔ ዝር አላለም።

እውነቱን ልንገራችሁ። በመስታወቱ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ጅራታም ኮከብ ሰፊና ደብዛዛ ነው፤ በጠባቡ መነጽር ስታዩት የጥጥ ብናኝ ይመስላል። በባዶ ዐይን ይበልጥ ያምር ነበር፤ ልጁም ሜዳው ላይ ቆሞ ከእኔ የተሻለ አይቶታል። ግን ይህን በምን ያውቃል? አንድ ትልቅ ነገር እንደደበቅሁት ነው ያመነው። አንዴ አጎንብሶ ቢሆን ኖሮ «ይህ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

ሃሊ ተመልሶ ወደ ፀሐይ የሚጠጋው በሐምሌ 2053 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ! የጎንደርን የሐምሌ ሰማይ ታውቁታላችሁ። ልጁ በሕይወት ካለ ያኔ ወደ ዘጠና ይጠጋል፤ እኔን ተዉኝ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ አትከልክሉ ነው። ይንኩት። ጨረቃዋን ከመስታወቱ ቢያስወጧትም መልሳችሁ አስገቧት፤ መሣሪያው የተገዛው ለዚህ ነው። ይህን ስል ደግሞ ራሴን እታዘባለሁ፤ ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ የሩቅ ማሳያ መነጽሬን አንስታ ስታገላብጥ ሳላስበው ጮህኩባት። የቀያሽነት አመል እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ስለ ስልኮቻችሁ ግን ሳልናገር አላልፍም። ዐይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እናንተ በየሁለት ደቂቃው ነጭ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ታበራላችሁ። የእናንተ ዘመን ሰው ፎቶ ያላነሳውን ነገር ያየ አይመስለውም። ባትሪያችሁን በቀይ ፌስታል ጠቅልሉት፤ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት። ፒያሳ ያወጣችሁ ምሽት አንድ መሪጌታ «ጨረቃዋ ዛሬ ስንተኛ ሌሊቷ ነው?» ሲሏችሁ ሁላችሁም ስልክ አወጣችሁ። እሳቸው የዓመቱን አበቅቴ፣ የጨረቃን ሌሊት ማስያ ቁጥር፣ ይዘው በጣታቸው ቆጥረው ቀደሟችሁ። መንበር ሰጥታችሁ እንዲያስተምሯችሁ መጠየቅ ሲገባችሁ ስለ ጨረቃ ገለጻ አደረጋችሁላቸው። ባሕረ ሐሳብ በተቀመረበት አገር፣ ያውም ጎንደር ላይ!

ቴሌስኮፑ አንድ ስለሆነ ለሁሉም ትምህርት ቤት አይዳረስም ትላላችሁ። በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ ጎንደር ላይ በአናታችን ትክክል ታልፋለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ትከሉ፤ ጥላው ይጠፋል። አዲስ አበባ ያሉት በዚያ ቀን ይህን አያዩም፤ ለምን እንደሆነ ሕፃናቱ ራሳቸው ይከራከሩበት። ማታ ደግሞ የሰሜን ኮከብን አስፈልጓቸው። ከአድማስ በላይ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው ያለው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ ከጭብጡ ጥቂት ከፍ ይላል። ከተማው ውስጥ ኮረብታ ስለሚጋርደው ብዙ ጎንደሬ አይቶት አያውቅም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ጨካኝ ሁኑ፤ ያለ ማጣሪያ ማንም ወደ ፀሐይ እንዳያነጣጥር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ግርዶሽ በሆነ ጊዜ የራጅ ፊልም ዐይናቸው ላይ ደቅነው የሚያዩ ሰዎች አይቻለሁ። ራጅ ዐይንን አያድንም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ ግርዶሽ በግብፅና በሳዑዲ ዐረቢያ አልፎ ወደ የመን ይሄዳል፤ ለእኛ ከፊሉ ይደርሰናል፤ ደመናው ከፈቀደ። ከአሁኑ ተዘጋጁ።

ሌላው ልመናዬ ነው። የሚቀጥለው ሁዳዴ እንደገባ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት፣ መሣሪያውን ወደ ቆላ ድባ እናውጣው። የመኪናውን ነዳጅ እኔ እችላለሁ። ደምቢያ ላይ ትንኝ ስላለ እጅጌያችሁ ረጅም ይሁን። በርጩማም አትርሱ፤ የዐይን መመልከቻው ለትንንሾቹ ከፍ ይላል።