ኤክሴልና የእጅ ስሌት ሳይስማሙ ሲቀሩ

ጥያቄ፦ በአንድ ባንክ የብድር ትንተና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ፕሮጀክት ዛሬ 1,000,000 ወጥቶበት ለ5 ዓመታት በየዓመቱ መጨረሻ 300,000 ያስገኛል ብዬ፣ በ10 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ የተጣራ የአሁን ዋጋውን (የወደፊት ገቢዎቹ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሰው ወጪው ሲቀነስ የሚቀረውን) በኤክሴል ሳሰላ 124,760 መጣልኝ። ኃላፊዬ በእጃቸው ሲሠሩት ግን 137,236 አገኙ። የተሳሳተው ማን ነው?

መልስ፦ ኃላፊዎ ትክክል ናቸው፤ ኤክሴልም ቢሆን የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ይህን ዋጋ የሚያሰላው ኤንፒቪ (NPV) የተባለው የኤክሴል ፈንክሽን መጀመሪያ የሚሰጠውን ቁጥር በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ላይ እንደሚከፈል አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ዛሬ የወጣውን 1,000,000 ከገቢዎቹ ጋር ካስገቡት ሁሉንም በአንድ ተጨማሪ ዓመት ቀንሶ ያሰላቸዋል። የእርስዎን ውጤት በ1.1 ቢያባዙት የኃላፊዎ ቁጥር የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በፈንክሽኑ ውስጥ 5ቱን ገቢዎች ብቻ ያስገቡና የዛሬውን ወጪ ከውጭ ይቀንሱት። ክፍያዎቹ በእኩል የጊዜ ልዩነት የማይመጡ ከሆነ ቀናትን የሚቀበለው ኤክስኤንፒቪ (XNPV) የተባለው ፈንክሽን ይሻላል፤ እሱ የመጀመሪያውን ቀን መነሻ ስለሚያደርግ የዛሬው ወጪ እዚያው ውስጥ ይገባል። (ሁለቱ ተመሳሳይ ስም ይዘው በተለያየ ደንብ መሥራታቸው ብዙ ባለሙያ አሳስቷል።)

በኢንሹራንስ ሥራ ይኸው የጊዜ ጉዳይ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ካሳ ዓመቱን ሙሉ ሲከፈል እያለ ሞዴሉ ሁሉም በዓመቱ መጨረሻ እንደሚከፈል ከወሰደ፣ በ10 በመቶ ምጣኔ የመጠባበቂያው ሂሳብ (ለወደፊት ካሳ የሚቀመጠው ገንዘብ) ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ጉድለት ይኖረዋል፤ ሠንጠረዡ ግን ምንም ዓይነት የስህተት ምልክት አያሳይም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው። የአሜሪካው ባንክ ጄፒ ሞርጋን ቼዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ በከሰረበት ጉዳይ፣ የአደጋ መለኪያ ሞዴሉ በእጅ እየተገለበጠ በሚሞላ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይሠራ እንደነበር፣ በአማካይ መካፈል የነበረበት ቁጥርም በድምር ተካፍሎ እንደተገኘ ባንኩ ራሱ ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። ኪሳራውን ያመጣው ግብይቱ እንጂ ሴሉ አይደለም፤ ሆኖም ስህተቱ አደጋውን ከነበረበት አሳንሶ አሳይቷል።

10 በመቶው በፎርሙላው ውስጥ በቀጥታ ተጽፎ ከሆነ አውጥተው በራሱ ሴል ያስቀምጡት፤ የኃላፊዎን የእጅ ስሌትም በዚያው ፋይል በሌላ ገጽ ላይ አኑረው፣ ሞዴሉ በተሻሻለ ቁጥር ሁለቱ ውጤቶች መስማማታቸውን ያረጋግጡ።