ማክሲመሙ ከሚኒመሙ ሲያንስ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፈንክሽኑ ኤክስ²/(ኤክስ − 1) ነው፤ ሎካል ማክሲመሙ 0፣ ሎካል ሚኒመሙ 4 ወጣልሽና "ማክሲመም እንዴት ከሚኒመም ያንሳል? የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ብለሻል። ኮንካቪቲው (ግራፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚጎብጥበት አቅጣጫ) ደግሞ 1 ላይ ተቀይሮ እያለ መልሱ "ኢንፍሌክሽን ፖይንት የለም" ማለቱ ግራ አጋብቶሻል፤ ኢንፍሌክሽን ፖይንት ማለት ኮንካቪቲው የሚቀየርበት የግራፉ ነጥብ ነውና። የትም ጋ አልተሳሳትሽም። የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ነው፤ 1 ዶሜይኑ (ፈንክሽኑ የሚቀበላቸው የኤክስ ቁጥሮች) ውስጥ የለችም።

ተማሪ ማስጠናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እንዳየሁት ራሽናል ፈንክሽን (እንዳንቺው ያለ፣ ፖሊኖሚያል ለፖሊኖሚያል የተካፈለበት) ላይ ነጥብ የሚጥል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ዴሪቬቲቩን በትክክል ሠርቶ ነው የሚጥለው። እኔም ተማሪ እያለሁ ሰከንድ ዴሪቬቲቩ ምልክት ስለቀየረ ብቻ ኢንፍሌክሽን ፖይንት ብዬ ጽፌ ተቆርጦብኛል። ከዚያ ወዲህ ገና ዴሪቬቲቭ ሳልነካ፣ ዲኖሚኔተሩን ዜሮ የሚያደርገውን ቁጥር ነምበር ላይኑ ላይ አስቀምጥና ክፍት ክብ አደርግበታለሁ።

አሁን ያንቺን እንየው። ፈርስት ዴሪቬቲቩ (ኤክስ² − 2ኤክስ)/(ኤክስ − 1)² ነው፤ ኤክስ 0 እና 2 ላይ ዜሮ ይሆናል (ማክሲመምሽ 0 የመጣው ኤክስ 0 ሲሆን፣ ሚኒመምሽ 4 ደግሞ ኤክስ 2 ሲሆን ነው)። ዲኖሚኔተሩ ስኩዌር ስለሆነ ኔጌቲቭ አይሆንም፤ ስለዚህ የኒውመሬተሩን ምልክት ብቻ ነው የምታዪው። ከ0 በፊት ይጨምራል፣ ከ0 እስከ 1 ይቀንሳል፣ ከ1 እስከ 2 አሁንም ይቀንሳል፣ ከ2 በኋላ ይጨምራል። ሁለቱን መቀነሶች ግን "ከ0 እስከ 2 ይቀንሳል" ብለሽ እንዳታጣብቂያቸው። 0.5ን አስገቢ፣ −0.5 ይመጣል። 1.5ን አስገቢ፣ 4.5 ይመጣል። እየቀነሰ ቢሆን ኖሮ ከ−0.5 ወደ 4.5 አይወጣም ነበር። መሀል ላይ፣ 1 ላይ፣ ቨርቲካል አሲምፕቶት (ግራፉ የሚጠጋው ግን የማይነካው ቁም መስመር) አለ፤ ግራፉ በግራ በኩል ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ይወርድና በቀኝ በኩል ከፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ ይጀምራል።

ማክሲመሙ ያነሰውም ለዚህ ነው። ግራፉ ሁለት የተለያየ ቁራጭ ነው። የግራው ቁራጭ ከ0 በላይ አይወጣም፣ የቀኙ ደግሞ ከ4 በታች አይወርድም። ካላመንሽ ፈንክሽኑ 2 እንዲሰጥሽ አድርጊና ሞክሪ፤ ኤክስ² − 2ኤክስ + 2 = 0 ላይ ትደርሻለሽ፣ ሪል መልስ የለውም። ሎካል ማለት አጠገቡ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው፤ ከአሲምፕቶቱ ማዶ ስላለው ቁራጭ ምንም አይናገርም። አብሶሉት (ከግራፉ ሁሉ ትልቁ ወይም ትንሹ) ማክሲመምም ሚኒመምም ግን የለውም።

ወደ ሰከንድ ዴሪቬቲቩ ስንመጣ፣ እባክሽ ቅንፉን አትበትኚ! ኮሼንት ሩል ከተጠቀምሽ በኋላ ላይኛው ላይ 2(ኤክስ − 1)ን በጋራ አውጪው። ቅንፉ ውስጥ የሚቀረው (ኤክስ − 1)² − (ኤክስ² − 2ኤክስ) ነው፤ እሱም ተጣፍቶ ተጣፍቶ 1 ብቻ ይሆናል። መልሱ 2/(ኤክስ − 1)³ ነው፣ አለቀ። ይህን የሚበትኑ ልጆች ገጽ ሙሉ ጽፈው አንድ ምልክት ይሳሳታሉ። እኔ እንደውም መጀመሪያውኑ ማካፈሉን እመርጣለሁ፦ ፈንክሽኑ ኤክስ + 1 + 1/(ኤክስ − 1) ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ኮሼንት ሩልም አያስፈልግሽም።

ከ1 በፊት ኔጌቲቭ ስለሆነ ኮንኬቭ ዳውን፣ ከ1 በኋላ ፖዘቲቭ ስለሆነ ኮንኬቭ አፕ። ኮንካቪቲው ተቀይሯል፣ እውነት ነው። ግን ኢንፍሌክሽን ፖይንት ለመባል ግራፉ ላይ ያለ ነጥብ መሆን አለበት፤ 1 ላይ ደግሞ ነጥብ የለም።

አሁን ኤክስ/(ኤክስ² + 1)ን ሥሪ። ዲኖሚኔተሩ ዜሮ ስለማይሆን ክፍት ክብ የለውም። ማክሲመሙ 1/2፣ ሚኒመሙ −1/2፣ ሁለቱም አብሶሉት ናቸው። ኢንፍሌክሽን ፖይንቶቹ 3 ናቸው፤ አንዱ 0 ላይ ነው፣ የቀሩትን ሁለቱን ፈልጊና ሥራሽን ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።