ስለ አይታሊክ ጠይቁኝ፦ የሴሪፍ ፎንቶች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበር ሥራዬ ነው። ዛሬ ስለ ክላሲክ ሴሪፍ ፎንቶች አይታሊክ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሴሪፍ ማለት በመስመሮቹ ጫፍ ላይ ትናንሽ ቅጥያዎች ያሉት የላቲን ፊደል ነው። የፎንቱን ስም ሳትጠቅሱ ግን አትጠይቁኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጀማሪ ዲዛይነር፦ አይታሊክ ዘንበል ያለ ፊደል ማለት አይደል?

መላሽ፦ አይደለም! ዋናው የፊደሉ ቅርጽ ነው፤ ማዘንበሉ ተከትሎ የመጣ ነው። ጋራሞንድ የተባለውን ፎንት ክፈትና ትንሿን «ኤ» (a) አተልቀህ እያት። ቀጥ ባለው ላይ ከሆዷ በላይ የተቆለመመ ጣራ አላት። አይታሊኩ ላይ ጣራው የለም። አንድ ሆድ፣ አንድ እግር፣ ብዕር ሳይነሳ የተጻፈች ትመስላለች። «ኤፍ»ን (f) ደግሞ እይ። ጭራዋ ከመስመሩ በታች ወርዶ ይታጠፋል። ፊደሎቹ ጠበብ፣ ሳሳ ያሉ ናቸው። ምንጫቸው የጣሊያን ምሁራን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቶሎ ቶሎ ሲጽፉበት የነበረው የእጅ ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ሲያጋድመው የምታገኘው ሐሰተኛ አይታሊክ ነው። ስለዚህ የአይታሊክ ቁልፉን ከመጫንህ በፊት ፎንቱ የራሱ የአይታሊክ ፋይል እንዳለው አረጋግጥ።

የታሪክ ተማሪ፦ መጀመሪያ ማን አተመበት?

መላሽ፦ የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲየስ። በ1500 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሥዕል ውስጥ ጥቂት ቃላት ብቻ ታዩ። በ1501 የሮማዊውን ገጣሚ የቨርጂልን ግጥሞች ሙሉ በሙሉ በአይታሊክ አወጣ። ፊደሎቹን ብረት ላይ የቀረጸው ፍራንቸስኮ ግሪፎ ነው። አልዱስም እዚያው መጽሐፍ ላይ የቀራጩን እጅ የምታመሰግን አጭር ግጥም አትሞለታል። ይህ ደስ ይለኛል፤ ቀራጭን ማን ያስታውሳል? ካፒታሎቹ (ትልልቆቹ ፊደሎች) ግን ያኔ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

አራሚ፦ ወረቀት ለመቆጠብ የተፈጠረ ነው ይባላል።

ግጥም አንባቢ፦ እኔ አይዋጥልኝም። ግጥም እኮ አንዱ ስንኝ አንድ መስመር ነው። ፊደሉ ቢጠብም የመስመሩ ብዛት አይቀንስም።

አራሚ፦ ረጅሙ ስንኝ ትንሽ ገጽ ላይ ሳይሰበር እንዲገባስ? ያም ቁጠባ ነው።

ግጥም አንባቢ፦ እሱ ለኪስ እንዲመች ነው እንጂ ለወረቀቱ አይደለም!

የታሪክ ተማሪ፦ የፈረንሳይዋ ከተማ የሊዮን አታሚዎች አስመስለው ሲያትሙበት አልዱስ ስህተቶቻቸውን ዘርዝሮ ማስጠንቀቂያ አላወጣም? እነሱም ዝርዝሩን ይዘው አረሙበት።

መላሽ፦ አዎ፣ በ1503 ነው። ስለ ወረቀቱ ግጥም አንባቢው ያለው ያሳምነኛል። በሉ ወደ ጉዳያችን።

የድረ ገጽ ሠራተኛ፦ የታይምስ ኒው ሮማን አይታሊክ እንዴት ነው?

መላሽ፦ ደህና ነው። በ1932 ለጋዜጣ የዋለ ፎንት ነው፤ ሥራውን ያውቃል።

ጠያቂ፦ ቆንጆ አይታሊክ የቱ ነው?

መላሽ፦ ለምን ሥራ? ለግጥም? ለግብዣ ካርድ? እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ጀማሪ ዲዛይነር፦ የጋራሞንድን አይታሊክ የሠራው ራሱ ጋራሞንድ ነው?

መላሽ፦ እሰይ፣ ይህን ነበር የምጠብቀው። በ1989 የወጣውን አዶቤ ጋራሞንድን ውሰድ። ነዳፊው ሮበርት ስሊምባክ ቀጥ ያለውን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፊደል ቀራጭ ከክሎድ ጋራሞንድ፣ አይታሊኩን ግን ከሌላው ቀራጭ ከሮቤር ግራንዦን ነው የቀዳው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው። ግራንዦን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። መስመሩ ይፈሳል፣ ግን አይዝረከረክም። ሌሎች «ጋራሞንድ» የሚባሉ ፎንቶች ደግሞ ከሌላ ቀራጭ፣ ከዣን ዣኖን የተቀዱ ናቸው። ዣኖን የሠራው ጋራሞንድ በ1561 ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ይህን የስም ስህተት በ1926 ያጋለጠችው የፊደል ታሪክ አጥኚዋ ቢያትሪስ ዋርድ ናት፤ ጽሑፉን ያወጣችው በወንድ የብዕር ስም ነበር። የዣኖንን አይታሊክ ለመለየት ካፒታሎቹን እዩ፤ አንዱ ብዙ፣ አንዱ ትንሽ ያጋድላል።

ሴንቶር የተባለውን ፎንትም ልጨምር። ብሩስ ሮጀርስ ሲነድፈው የራሱ አይታሊክ አልነበረውም። አጠገቡ የቆመለት ፍሬደሪክ ዋርድ የነደፈው አሪጊ የተባለ አይታሊክ ነው። አይታሊክ ራሱን ችሎ የሚቆም ፊደል መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ጠያቂ፦ ፎንቴ አይታሊክ ያለው አይመስለኝም። ቁልፉን ብጫን ምን ችግር አለው?

መላሽ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ። አንብብ። ያጋደለ ሁሉ አይታሊክ አይደለም።

አራሚ፦ ሙሉ አንቀጽ በአይታሊክ ቢሆንስ?

መላሽ፦ የአልዱስ አንባቢዎች መጽሐፉን ሙሉ አንብበውበታል። የዛሬ ዓይን ግን ቀጥ ያለውን ለምዷል፤ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። ለመጽሐፍ ርዕስ፣ ለባዕድ ቃል፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም፣ አንድን ቃል ጫን ለማለት ተጠቀሙበት። አይታሊክ መሃል አንድ ቃል ማጉላት ካስፈለገ ቃሉ ቀጥ ይላል። ቦልድ አትጨምሩበት! ደግሞ በ«ኤፍ» ያለቀ የአይታሊክ ቃል ቀጥ ያለ ቅንፍ ሲከተለው የ«ኤፍ» አናት ቅንፉን ይነካዋል። በእጅ ትንሽ ክፍተት ስጡት። ይህን ያልነካ ገጽ ሳይ ውስጤ ይቃጠላል።

የድረ ገጽ ሠራተኛ፦ ለስልክ ስክሪን መጠኑ ስንት ይሁን?

መላሽ፦ የስክሪን ሰው ጠይቅ።

ጠያቂ፦ መምህር፣ ይቅርታ፣ እንደገና እኔ ነኝ። አሁን አተልቄ አየሁት። ትንሿ «ኤ» ተጋድማለች፣ ግን ጣራዋ አለ። «ኤፍ»ም ጭራ የላትም።

መላሽ፦ በሴሪፍ ፎንት ላይ ያ ሐሰተኛ ነው። አሁን በራስህ ዓይን ለየኸው። ፎንቱን ያገኘህበት ቦታ ተመለስና የአይታሊኩን ፋይል ፈልግ። ከሌለው የፎንቱን ስም ይዘህ ና፤ የሚስማማውን አብረን እንመርጣለን።