መልስ፦ ለአዲሱ ቤት ሴራሚክ ወይስ ላሚኔት?

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ቤቱን በሙሉ አንድ ዓይነት ወለል ላድርገው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። በእኔ እምነት ባይሆን ይሻላል።

ለሳሎን ፖርሴሊን የሚባለውን ጥቅጥቅ ያለ የሴራሚክ ዓይነት ውሰጂ። ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፣ ከተራው ሴራሚክም ይጠነክራል። ላሚኔት፣ ማለትም ከተጨመቀ እንጨት የሚሠራው ንጣፍ፣ ያምራል፤ ግን ቡና በሚፈላበት ሳሎን አልመክርሽም። ከምድጃ የወደቀች አንዲት ፍም ጥቁር ጠባሳ ትታበት ትሄዳለች፤ ብትወለውይው አይለቅም። የፕላስቲኩ ንጣፍ ፒቪሲማ ጭራሽ ይቀልጣል። መኝታ ቤት ላይ ግን ላሚኔት ግሩም ነው፤ በክረምት ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ እግርሽን አይበርድሽም። ብቻ ሊሾው በደንብ ሳይደርቅ እንዳያነጥፉት። እርጥበት ከሥር ከመጣ ያብጥና ጠርዙ ይነሳል።

እብነ በረድ ከወደድሽ ለደረጃ አድርጊው። ወጥ ቤት ውስጥ ሎሚና ኮምጣጤ ይበላዋል።

መታጠቢያ ቤት የሚያብረቀርቀውን እርሺው፣ ሻካራውን ግዢ። ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ካሉማ ለድርድር አይቀርብም። ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው ማዘንበሉንም ውሃ ደፍተሽ እይ።

ስትገዢ ወደ 10 በመቶ ጨምረሽ ያዢ፤ በኋላ አንዱ ቢሰበር ተመሳሳዩን ማግኘት ከባድ ነው። የሁሉም ካርቶን የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጪ፤ ካልሆነ ቀለሙ ይለያያል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እያንዳንዱን በሳንቲም አንኳኪው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ማጣበቂያው በደንብ ያልሞላ ነው፤ ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈልሽ በፊት አስነስተሽ አሠሪው።