እረኞቹን ማን ጠየቃቸው?

ሥነ ምግብ ለምታጠኑ ልጆቼ፦

ሰሞኑን አራት ኪሎ ቡና እየጠጣሁ አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ የዱር ፍሬ ስለሚመገቡ ማኅበረሰቦች ለመመረቂያ ጽሑፌ ላጠና ነው፤ የተዘጋጀ መጠይቅ ይኖርዎታል?» ስትል ጠየቀችኝ። አለኝ። ልሰጣት ግን ልቤ አልፈቀደም።

በወጣትነቴ ከአንድ የጥናት ቡድን ጋር መተከል ወርጄ ነበር። በአንድ የጉሙዝ መንደር እናቶችን በአስተርጓሚ «ትናንት ቤት ውስጥ ምን ተበላ?» እያልሁ እጠይቃለሁ። የማሽላ ገንፎ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ አልፎ አልፎ ዓሣ። የፍራፍሬው ረድፍ ባዶውን ይቀራል። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ፍየል ጠባቂዎቹ ልጆች መጡ፤ ምላሳቸው በዶቅማ ፍሬ ጠቁሯል፣ መዳፋቸው እንኮይ የተባለውን የዱር ፍሬ ይዟል። አንዲት ትንሽ ልጅ አንዱን አቀበለችኝ። ኮምጣጣነቱ ጥርሴን ሲያጠርሰው ሁሉም ሳቁብኝ። እኔም የልጅነቴ የእንጦጦ አጋም ትዝ አለኝ፤ እናቴ የልብሴን እድፍ አይታ የት እንደዋልሁ የምታውቅበት ዘመን። ያየሁትን ለቡድኑ መሪ ስነግራቸው «ቅጹ የሚጠይቀው በቤት የተበላውን ነው» አሉኝ። ሪፖርቱ የዚያ መንደር ልጆች ፍራፍሬ እንደማይመገቡ አትቶ ወጣ። ያ ዓረፍተ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ማንም አይበላውም የተባለን ዛፍ ምንጣሮ ሲመጣ ማን ይከራከርለታል?

ማን የት እንደበላ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተበላም ጠይቁ። ማሽላ ብረት አለው፤ ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ግን አስሮ ይይዘዋል። ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ ከገንፎው ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ያገኛል። ገንፎው ጧት፣ ፍሬው ከሰዓት ከሆነ ይህ ጥቅም እምብዛም ነው። ቫይታሚን ሲን ሙቀትና አየር ስለሚያጠፉትም በመኪና ሲንገላታ ሰንብቶ አዲስ አበባ የሚለካ ናሙና ልጁ የበላውን ፍሬ አይወክልም።

የዛሬ ወጣቶች በስልክ የታየን የባኦባብ ዛፍ ፍሬ ዱቄት ተአምር ነው ብላችሁ ትገዛላችሁ፤ ቤኒሻንጉል ከዛፉ ሥር ስለሚመገበው ሰው ግን አትጠይቁም። እርግጥ የደረቀው የባኦባብ ፍሬ ውስጠኛ ሥጋ በክብደት ሲነጻጸር ቫይታሚን ሲው ከብርቱካን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እናንተ ከእኛ ይልቅ አለቃ ፊት ትደፍራላችሁ፤ ያን ድፍረት እወድላችኋለሁ።

ወላጆችን አስፈቅዳችሁ ከእረኞቹ ጋር ዋሉ፤ የሚበሉትን መዝኑ። ስሙ ከመንደር መንደር ስለሚለያይ ቅጠልና ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል አድርቃችሁ አራት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ወደሚቀመጥበት ቤት፣ አምጡ።