ስለ «ሃርድ» እና «ሃርድሊ» ልዩነት

ፋሲል ግቢን ለሚያስጎበኟቸው እንግዶች «ተግቼ እሠራለሁ» ለማለት «አይ ዎርክ ሃርድሊ» ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። አይቻልም፤ እዚሁ ጎንደር እንግሊዝኛ ሳስተምር በብዛት የማርመው ይህንኑ ስለሆነ ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል። ተግቶ፣ በርትቶ የሚለውን የሚገልጸው «ሃርድ» ሲሆን ከግሡ በኋላ ይገባል፤ «አይ ዎርክ ሃርድ» ይበሉ። «ሃርድሊ» ትርጉሙ «እምብዛም» ስለሆነና ብዙውን ጊዜ ከዋናው ግሥ ስለሚቀድም፣ «አይ ሃርድሊ ዎርክ» ያለ አስጎብኚ እምብዛም ሥራ እንደማይሠራ መናገሩ ነው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስተን ግን «እምብዛም» በአማርኛ አሉታዊ ግሥ መፈለጉ ነው፤ «ክረምቱ እምብዛም አልዘነበም» እንላለን። «ሃርድሊ» አሉታውን ራሱ ስለያዘ «ኢት ሃርድሊ ሬይንድ» ብቻ ይበቃል፤ «ዲድንት» አይጨመርበትም።