ሥራው ወደ ሜክሲኮ ሲሄድ ለሠራተኛው ምን ይቀራል? ለእህታችን ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ የምትሠሪበት ፋብሪካ ማሽኑን ነቅሎ ወደ ሜክሲኮ ሊሄድ መሆኑን ገልጸሽ «ሥራው ወደ ውጭ ለሄደበት ሠራተኛ የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ቤት ይከፍላል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «እውነት ነው»፣ ግማሾቹ «ወሬ ነው» ብለዋል። ሁሉም በየዘመናቸው ልክ ናቸው። እኔ በዚያ ገንዘብ ተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ መጥፎውን ወሬ ግን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ፕሮግራሙ ትሬድ አድጀስትመንት አሲስታንስ፣ ባጭሩ ቲ.ኤ.ኤ. ይባላል። በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን ተጀምሮ በ1974ቱ የንግድ ሕግ የሰፋ ነው። ኮንግረስ ሳያድሰው ስለቀረ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት አዲስ ማመልከቻ ማጽደቅ አቁሟል። ሕጉ ካልታደሰ በቀር ዛሬ ለምትቀነሺው ለአንቺ ያ በር ዝግ ነው። «ቅጹን ሞልቼ አስጨርስልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ከመጣ ሸኚው።

እኛ የተቀነስነው በ2016 ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እንገጣጥም ነበር። ማመልከቻውን አሠሪው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ሦስት ሠራተኞች ማስገባት ይችሉ ነበር። አለቆቻችን ዝም ሲሉ ሦስት ሆነን በምሳ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሞላነው፦ እኔ፣ አንዲት የላኦስ ሴትና ከሜክሲኮ የመጣ የማሽን ጠጋኝ። ሥራው ወደ ውጭ መሄዱን በምን እንዳወቅን መጻፍ ነበረብን። ጠጋኙ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወደ መጫኛው በር ሄደና በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ተመለሰ። ሰባት ዓመት የቆምኩበት ማሽን በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ተለጥፎበታል፤ መድረሻው የሜክሲኮዋ ከተማ ሁዋሬዝ። «ሥራዬ አገሩ ገባ፣ እኔ እዚህ ቀረሁ» አለ። እየሳቀ ነበር፤ የአራት ልጆች አባት ነው።

ጸደቀልን። እኔ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና ተማርኩ፤ የትምህርቱ፣ የመጽሐፉ፣ የመሣሪያው ሳይቀር ተከፈለልኝ። ከዋናው ትምህርት በፊት የእንግሊዝኛና የሂሳብ ማሟያም ይሸፍን ነበር፤ ለእኛ ሰው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው የሥራ አጥ ክፍያው ሲያልቅ ሌላ ሳምንታዊ ክፍያ ይተካለት ነበር፤ ሁለቱ ተደምሮ እስከ 130 ሳምንት ሊደርስ ይችል ነበር። ዕድሜው 50 የሞላና በአነስተኛ ደመወዝ ሌላ ሥራ የያዘ ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ ያገኝ ነበር፦ በሰዓት 22 ዶላር ይከፈለው የነበረ በ16 ቢቀጠር 3 ዶላር ይጨመርለት ነበር፤ ጣሪያው ግን በሁለት ዓመት 10,000 ዶላር ነበር።

ብዙዎችን የጣላቸው የጊዜ ገደቡ ነው። ለሥልጠና በ26 ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ነበር፤ «ትንሽ ልረፍ» ብለው አገር ቤት የሄዱ ሲመለሱ አልፎባቸው ነበር። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ሳይፈቀድለት ከኪሱ ከፍሎ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ትምህርት ጀመረ፤ አንድ ሳንቲም አልተመለሰለትም።

ይህን የማወራልሽ ዛሬ ባለው መንገድም ያው ስሕተት ስለሚደገም ነው። ያለሽ መንገድ በ2014 በወጣው ዊኦዋ (WIOA) በሚባለው የሥራ ሥልጠና ሕግ «ዲስሎኬትድ ወርከር» (ያለጥፋቱ ከሥራ የተቀነሰ ሠራተኛ) የሚሉት ርዳታ ነው። ሥራው ወደ ውጭ መሄዱን ማስረዳት አያስፈልግሽም፤ ፋብሪካው መዘጋቱ ይበቃል። ከቲ.ኤ.ኤ. ይቀጥናል፤ ገንዘቡም በየአካባቢው ስለሚለያይ ቀድሞ መድረስ ይጠቅማል። የማሰናበቻው ደብዳቤ እንደደረሰሽ፣ ገና ሥራ ላይ እያለሽ፣ አቅራቢያሽ ወዳለው አሜሪካን ጆብ ሴንተር፣ ማለትም ሥራ ፈላጊዎችን ወደሚረዳው የመንግሥት ቢሮ፣ ሂጂ። ትምህርት ቤት ለመመዝገብ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ሥልጠናው በጽሑፍ ይፈቀድልሽ። ሳይፈቀድ መማር ከጀመርሽ ሳምንታዊ የሥራ አጥ ክፍያሽም ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አንኢምፕሎይመንት የምንለውን የሥራ አጥ ክፍያ ሥራ ባቆምሽበት ሳምንት ጠይቂ፤ በብዙ ስቴቶች እስከ 26 ሳምንት ነው። «ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል» ብለው የሚተዉ አበሾች አውቃለሁ፤ ያናድደኛል። ይህ አሠሪሽ በስምሽ ሲከፍልበት የኖረ መድን ነው፤ የመንግሥት ጥገኛ አያስብልም። ፋብሪካው 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለውና 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰው አስወጥቶ የሚዘጋ ከሆነ፣ በአብዛኛው 60 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ደብዳቤው የደረሰሽን ቀን ጽፈሽ ያዢ። በሥራሽ የነበረሽ የጤና መድን ሲቋረጥ ሌላ ለመያዝ ያለሽም ጊዜ በአብዛኛው 60 ቀን ነው።

ቢሮው ስትሄጂ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቂ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ «ሰቨራንስ» የሚለውን ቃል «ቅጣት» ብሎ ተርጉሞልኝ፣ የስንብት ገንዘቤን ልቀጣ ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አድሬያለሁ። የምትኖሪበትን ስቴትና ደብዳቤው የተሰጠሽን ቀን ጻፊልኝ፤ የቀረውን አብረን እናያለን።